ከአሥር አንድ

ኩታበር ጧት ጧት ጉም ለብሳ ነው የምትነሣ፣
ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነው፣ ድምፁ እንደ ሳል የከሳ።
አሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፣
ወንበሩ ዘንድሮ ከልጁ የበዛ ሆነ።

ምዕራፍ አራት፣ ገጽ መቶ ሰባት፦
«የስዊድን መንግሥት መነሣት።»
ግማሽ ገጽ ናት፤ ጸሐፊው የቸኮለ፣
ከጦርነት ጦርነት በነጠላ ሠረዝ የዘለለ።

ጠመኔ አነሣሁ። ባሕር ሣልኩ፤ ብርዱ የበረታ፣
ሰው የሳሳበት አገር፣ አጃና በረዶ የሞላው ቦታ።
አንድ ተራራ ነበራቸው፣ ሆዱ መዳብ፣
እሱን ሸጠው ነው የከፈሉት የባሩዱን ገንዘብ።
«መዳቡ ግን አልበቃም» አልኩ፤ «መዳብ አይዘምትም በእግሩ፤
ንጉሡ ሌላ ማዕድን ፈለገ፣ አገኘውም ከየጎጆው በሩ።»

ቄሱ መዝገብ ነበረው፤ ማን ዐሥራ አምስት ዓመት አለፈ፣
በዝይ ላባ፣ በደነዘዘ ጣት፣ አንድ ባንድ የተጻፈ።
ከዚያ ሰልፍ ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በረዶ ላይ፣
አሥር አሥር ሆነው፣ አንዱ ያንዱን ፊት ሳያይ።
ከአሥር አንድ ይውጣ! ዘጠኙ ጫማውን ይግዙ፣
ስንቁን ይቋጥሩ፣ እፎይ እያሉ ይተክዙ።

«አገር የሚያድገው እንዲህ ነው?» አለች ዚነት እንድሪስ ከኋላ፣
እጇን ሳታወጣ፣ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ።
«እንዲህ ነው፤ ካርታውን እዩ፤ ቀለሙ በባሕሩ ዙሪያ ሲፈስ፣
የታላላቆች መልእክተኛ ደጃቸው ሲመላለስ።
ንጉሡም ራሱ በኅዳር ጧት፣ በጉም መሐል ወደቀ፣
ፈረሱ ብቻውን ተመለሰ፤ ሠራዊቱ ያን ጊዜ ዐወቀ።»

ቃሌን ሳልጨርስ መስኮቱን አየሁ፤ የካርቶኑ ቀዳዳ ነጭ ነው፤
የኛ ጉም ደግሞ ማንን እንደያዘ የሚያውቀው ማነው።

«ያ ከአሥር አንዱስ?» አለች ዚነት፤ «ገጹ ላይ የለም ስሙ።»
«አብዛኞቹን ጎራዴ አልነካቸውም፤ በሩቅ ምሽግ ታመሙ፤
ንዳድና ተቅማጥ ነው የጨረሳቸው» አልኩና አፈርኩ፣
እንደ ፈተና መልስ መናገሬን ዘግይቼ ልብ አልኩ።

እኔም ከዘጠኙ ነኝ። አምና መቶ ብር አዋጥቼ፣
ለአበጋዝ ሙሄ ሸራ ጫማ ከተማሪው ጋር ገዝቼ፣
ቁጥሩ አርባ አንድ፣ ክሩ ነጭ፤
«አብሽር!» ብዬ እስከ መናኸሪያው ሸኝቼ።

እናቱ ወይዘሮ ጦይባ በየወሩ ማለቂያ፣
ትመጣለች፣ አንድ ፌስታል የባቄላ እሸት ይዛ መጠየቂያ።
ማንበብ አትችልም። መዝገቡን ግን ግለጥልኝ ትላለች፣
ጣቷን ከመስመሩ ላይ አድርጋ «ይኸ ነው?» ብላ ትዳስሳለች።
«ነው» እላታለሁ። «ወላሂ?» «ወላሂ፣ አልሰረዝኩትም።»
ርእሰ መምህሩ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል፤ መልስ አልሰጠሁትም።

ያ ቄስ ምን አድርጎ ይሆን፣ መርዶው ሲደርሰው በደብዳቤ?
ይህን የጻፈ ገጽ የለም፤ የሚፈልገው ግን ይህን ነው ልቤ።
በስሙ ላይ መስመር ሲያሰምር ላባው ጮኾ ይሆን?
ወይስ ቀለሙ በርዶበት፣ እስኪቀልጥ ቆየ፣ እስኪነጋ ድረስ ቀን?

ትናንት ፈተና ሰጠሁ፦ ለስዊድን ኃያልነት
ሁለት ምክንያት ጻፉ። ደገሙልኝ እንደ ጸሎት፤
መዳብ፣ መዝገብ፣ ብልህ ንጉሥ፣ የሠለጠነ ሠራዊት።
ዚነት ግን ሁለት መስመር፣ እርሳሷ እስኪቀድ ወረቀት፦

«አንደኛ፣ መዳብ።
ሁለተኛ፣ ሸራ ጫማ።»

ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ አለሁ፤
ጉም ነው፤ ደወሉም ገና አልተሰማ።